ሰውን ማሠልጠን ሥራን ማጽናት ነው

ገንዘብ ያልቃል፤ መሣሪያ ያረጃል፤ ገበያም ይለዋወጣል። ድርጅትን ከዘመን ወደ ዘመን የሚያሻግረው በውስጡ ያሉት ሠራተኞች ዕውቀት ነው። ለዚህ ነገር ምስክር የሚፈልግ ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያሻውም፤ በአምባሰል አጠገብ ወዳለው ወደ ሐይቅ ዓይኑን ቢመልስ ይበቃዋል።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ቀድሞ ደሴት በነበረው ዛሬ ግን ከየብስ ጋራ በተያያዘው ስፍራ፥ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ከደብረ ዳሞ መጥተው በዚህ ስፍራ ማኅበሩን አጸኑ፤ ብዙ ደቀ መዛሙርትም አስተማሩ። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን ሰው ማሳደጋቸው ነው። ከተማሩት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ በገድላቸው እንደሚነገረው በሐይቅ ብዙ ዓመት ቆይተው ወጡ፤ በኋላም ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የሚባለውን ገዳም በሸዋ መሠረቱ።

በ16ኛው ምዕት ዓመት ጦርነት ሐይቅ ተዘረፈ። ትምህርቱ ግን ወደ ብዙ አገር በሄዱት ሰዎች ልብ ተቀምጦ ነበርና ከንብረቱ ጋራ አልጠፋም።

ይህ የገዳም ነገር ነው፤ ለንግድና ለዘመናዊ ሥራ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ የኢትዮጵያን አየር መንገድ ይመልከት። ድርጅቱ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋራ በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ፤ በመጋቢት 30 ቀንም ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ አደረገ። አብራሪዎቹና አስተዳዳሪዎቹ በመጀመሪያ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን በአብራሪነት፥ በጥገናና በአስተዳደር እየሠለጠኑ ሥራውን ቀስ በቀስ ተረከቡ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

በዚህም መካከል አውሮፕላኑ ራሱ ተለዋወጠ። መጀመሪያ ሲ 47 የተባሉት ባለ ውልብልቢት አውሮፕላኖች ነበሩ፤ በ1955 ዓ.ም. ጄት ተተካ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ድሪምላይነር ገባ። መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ሠራተኛው እንደገና ተማረ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛውን በከለከለ ጊዜም፥ ድርጅቱ የአንዳንዶቹን አውሮፕላኖች መቀመጫ እያስነሣ ዕቃ እንዲጭኑ አደረገ። በእጁ የሠለጠነ ሰው ባይኖረው ኖሮ እንዲህ ባለ ፍጥነት ባልተመለሰ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ወደ ቤታችን እንመልሰው። አንድ ነጋዴ ልጁን ሚዛን ብቻ አስይዞ የሒሳቡን መዝገብ ቢሰውርበት፥ አባት በታመመ ቀን ሱቁ ይዘጋል፤ እናትና ልጆችም ያለ እንጀራ ይቀራሉ። አንዲት ባለሙያ የሽመናዋን ወይም የስፌቷን ጥበብ ለራሷ ብቻ ብትይዝ፥ ሙያው ከእርሷ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል።

«ካስተማርሁት በኋላ ጥሎኝ ይሄዳል» የሚሉ አሉ። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ የሚሄድ አለ። ያልተማረ ሠራተኛ ግን አብሮን ቢቀር፥ ጊዜ በተለወጠ ቀን ምን ይረዳናል? ከሐይቅ ተምረው የወጡትም ገዳሙን አላደኸዩትም፤ ስሙን አስጠሩለት እንጂ።

ስለዚህ በሱቅም ሆነ በመሥሪያ ቤት የሚያዝ ሰው ሦስት ነገር ያድርግ፤ የሚያውቀውን ለሌላ ያሳይ፤ የተማረው ሰው በራሱ እጅ እንዲሠራና ስሕተቱን እንዲያርም ይፍቀድለት፤ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ ልማድ በመጣ ጊዜም ሠራተኛውን ከመውቀስ አስቀድሞ ያስተምረው። ዛሬ የሚሰጠው ጥቂት ሰዓት፥ ነገ ቤቱን ከመዘጋት ያድነዋል።