የቤት ቁጠባና የተከፈተ ደጅ

የቤት ኅብረት ተራ ሲደርስዎ «ሶፋው አርጅቷል፣ ለቡና ቁርስ የሚሆንም የለም» ብለው ተራዎን አሳልፈው ያውቃሉ? ይህ በብዙ ቅዱሳን ቤት ያለ ነገር ነው። እንግዳ መቀበል ግን (ሮሜ 12፥13) አዲስ ዕቃ ላላቸው ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ አይደለም። ሱነማይቱ ሴት ባለጠጋ ነበረች፤ ለነቢዩ ኤልሳዕ ባዘጋጀችው ክፍል የተጠቀሱት ግን አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ ናቸው (2ኛ ነገ. 4፥8-10)።

ስለዚህ ለሶፋ ብለው አይበደሩ። ያረጀ ነጠላ መሐሉ ቢሳሳም ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ቆርጠው ነጭ አቡጀዴ ላይ ቢሰፉት ያማረ የትራስ ልብስ ይወጣዋል፤ አሮጌውንም ሶፋ ያደምቀዋል።

ለቡና ቁርስ ደግሞ ልጆች የሚወዱትን የኦቾሎኒ ቅቤ እቤት ይሥሩ። ኦቾሎኒውን በመጠነኛ እሳት ቆልተው፣ ሲበርድ አሽተው ልጣጩን በሰፌድ ያበጥሩት። ጥቂት ጨው ጨምረው ዘይቱ እስኪወጣ በመፍጫ ይፍጩት። መጀመሪያ ዱቄት ይመስላል፤ ተስፋ ሳይቆርጡ፣ መፍጫውን እያሳረፉ ይቀጥሉ። (ወንድሞችም መፍጨት ይችላሉ፤ የእኅቶች ሥራ ብቻ አይደለም።) ውሃ ግን ጠብ አይበልበት፤ ቶሎ ያበላሸዋል። ዳቦ ላይ ቀብተው ከሻይ ወይም ከቡና ጋር ያቅርቡት።