ተክላችን ለምን ጠወለገ?

የጓሮ አትክልት አፍ የለውም። ሲታመም «እዚህ ጋ አመመኝ» ብሎ አይናገርም። ብዙ ጊዜ የሚያሳየን ምልክት አንድ ነው፤ ይጠወልጋል። እኛ ደግሞ የጠወለገ ተክል ስናይ «ውሃ ጠምቶት ነው» እንልና ቶሎ እናጠጣዋለን። አንዳንድ ጊዜ ልክ ነን። አንዳንድ ጊዜ ግን ያጠጣነው ውሃ ራሱ ጓሮውን ያጠፋዋል።

ይህን የምንለው ደርሶብን ነው። አንድ በጋ በመስኖ ድንች ተክለን ነበር። ተክሉ አድጎ ማበብ ሲጀምር፣ በማሳው ላይኛ ጫፍ ሁለት ተክሎች ቅጠላቸው አረንጓዴ እንደሆነ ቀትር ላይ ጠወለጉ። ውሃ ለቀቅንባቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ አምስት ሆኑ። አሁንም አጠጣን። ሲቆይ ውሃው በሄደበት መሥመር ያለው ተክል ሁሉ አለቀ። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ከተረፈው ድንች ለጎረቤታችን ለዘር ሰጥተን ነበርና የሱም ጓሮ እንደኛው ሆነ። ነገሩ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነበር። በሽታውን በውሃ ከተክል ወደ ተክል፣ በዘር ደግሞ ከጓሮ ወደ ጓሮ ያደረስነው እኛው ራሳችን ነን።

ስለዚህ ተክል ሲጠወልግ ከማጠጣታችን በፊት ምክንያቱን እንፈልግ። በድንች፣ በቲማቲምና በበርበሬ ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኛቸው ምክንያቶች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ የውሃ ጥም። ተክሉ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲያጠጡት ቀና ይላል። ጣታችንን አፈሩ ውስጥ ስናስገባ ደረቅ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጠዋት ወይም ማታ ሥሩ ላይ እናጠጣው። እርጥበቱ ቶሎ እንዳይሄድም በሥሩ ዙሪያ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር እንጎዝጉዝ።

ሁለተኛ፣ የውሃ ብዛት። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠወልጋል፤ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል። ነቅለን ስናየው ሥሩ ጠቁሯል፣ በጣት ሲነኩት ይላላጣል። ሥር እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ ውሃ ውስጥ ሲከርም ታፍኖ ይበሰብሳል። እዚህ ላይ ውሃ መጨመር መግደል ነው። ማጠጣቱን እናቁም፤ ውሃው የሚወርድበት ቦይ እንቅደድ። በሚቀጥለው ጊዜ መደቡን ከፍ አድርገን እንሥራ።

ሦስተኛ፣ ቆራጭ ትል። ማታ ደህና የነበረ ችግኝ ጠዋት መሬት ላይ ወድቆ ይገኛል፤ ግንዱም ከአፈሩ አጠገብ ተቆርጧል። ትሉ ሌሊት ይበላል፤ ቀን አፈር ውስጥ ይደበቃል። በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን በጣት ቆፈር ቆፈር ስናደርግ፣ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ የተኛ ትል እናገኛለን። ጠዋት ጠዋት እየለቀምን እንግደለው። ችግኝ ከመትከላችን በፊትም ማሳውን አርሰን አረሙን እናጽዳ።

አራተኛ፣ አጠውልግ በሽታ። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። አፈሩ እርጥብ ነው፤ ቅጠሉም ገና አረንጓዴ ነው፤ ተክሉ ግን ይጠወልጋል። መጀመሪያ ላይ ማታ ማታ ቀና ይልና ያታልለናል፤ ከዚያ ጨርሶ ይሞታል። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ተሕዋሱ በሥር በኩል ይገባና ውሃ የሚወጣባቸውን የግንዱን ቧንቧዎች ይደፍናል። እንግዲህ ቧንቧው ተደፍኖ ውሃ ብናፈስ ምን ይጠቅማል?

ይህን በሽታ ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ጥርት ያለ ውሃ በብርጭቆ እንቅዳ። ከተጠራጠርነው ተክል ግንድ፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ጣት የሚያህል እንቁረጥ። የተቆረጠው ጫፍ ውሃው ውስጥ ገባ እንዲል አድርገን፣ ሳናንቀሳቅስ እንያዘው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ከግንዱ ወደ ታች ከወረደ፣ በሽታው አጠውልግ ነው። ነጭ ክር ካልታየ ሌላ የሥር በሽታ ሊሆን ይችላልና ተክሉን ለግብርና ባለሙያ እናሳይ። የፈተንንበትን ውሃ ግን ጓሮ ውስጥ አንድፋው። ድንቹንም ለሁለት ስንቆርጠው ውስጡ ቡናማ ቀለበት ከታየበትና ስንጫነው መግል የመሰለ ነገር ከወጣው፣ ታሟል ማለት ነው።

አጠውልግ የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። የሚረጭ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ማድረግ የምንችለው የቀሩትን ማዳን ነው። የታመመውን ከነሥሩ፣ ከነድንቹና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር እናውጣ። ከማሳና ከወንዝ ርቀን በጥልቅ ጉድጓድ እንቅበረው፤ ብስባሽ ውስጥ አንጨምረው። ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚሄደውን ውሃ እንዝጋ። የነካንበትን ዶማና ቢላዋ ጭቃውን አጥበን ስለቱን በእሳት እንለብልበው፤ ወይም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠን እንንከረው። የጫማችንንም ጭቃ እናራግፍ።

ሌላው ዘመድን ማወቅ ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬና አውጥ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የአንዱ በሽታ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ ድንች በታመመበት መሬት ቲማቲም ወይም በርበሬ ብንተክል ያው ነው። ቢያንስ ለሦስት ዓመት ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ሽንኩርት ወይም ጎመን እያፈራረቅን እንዝራበት። በነዚያ ዓመታት ሳይለቀም ቀርቶ በራሱ የሚበቅለውን ድንችና አውጡን ባየን ቁጥር እንንቀል፤ አለዚያ በሽታው እዚያ ተጠግቶ ይቆየናል።

ዘር ላይ ደግሞ እንጠንቀቅ። በሽታው ያለበት ድንች ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ሊመስል ይችላል። አጠውልግ ከታየበት ማሳ የወጣ ድንች፣ ቢያምርም ለዘር አይሆንም። ለራሳችን አንትከለው፤ ለዘመድም ለጎረቤትም አንስጠው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። አጠውልግ ጓሯችን ሲገባ አፍረን ዝም አንበል። ከላይ ያለው ጎረቤት በሽታውን ከደበቀ፣ ውሃው ለታችኛው ይነግረዋል፤ ያኔ ግን ጊዜው አልፏል። እኛ ለጎረቤታችን ሳንነግረው ቀርተን ያ ሰው የአንድ በጋ ድካሙን አጥቷል። ዛሬ የጠወለገ ተክል ስናይ መጀመሪያ ጣታችንን አፈሩ ውስጥ እናስገባለን፤ ቀጥሎ ብርጭቆ እናመጣለን፤ ክሩን ካየን በዚያው ቀን ለጎረቤት እንነግራለን።

ጥያቄዎች
1. የውሃ ጥምና አጠውልግ በሽታ በምን ይለያሉ?
2. አጠውልግን በብርጭቆ ውሃ የምንለየው እንዴት ነው?
3. ድንች በታመመበት መሬት ቲማቲም መትከል የማይገባው ለምንድን ነው?