ያውቁ ኖሯል? ጉሮሮ የሌላቸው ተናጋሪዎች

ኮምፒውተር በሰው ድምፅ መዝፈን የጀመረው ገና በ1961 መሆኑን ያውቁ ኖሯል? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ፣ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ጆን ኬሊና ካሮል ሎክባም የሰውን ጉሮሮና አፍ በተርታ የተቀጣጠሉ አጫጭር ቱቦዎች አድርገው በቁጥር ቀመሩት። ማሽኑም «ዴዚ ቤል» የተባለውን የድሮ ዘፈን አንቆረቆረው!

ያንን ዘፈን እዚያው ሄደው ከሰሙት አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ደራሲው አርተር ክላርክ! እሱ ተባብሮ በጻፈውና በ1968 በወጣው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ፊልም ውስጥ ሃል የተባለው ኮምፒውተር ሊጠፋ ሲል የሚያዜመው ይኸንኑ ነው።

ጎልማሳ ወንድ ከሆኑ፣ ከድምፅ አውታሮችዎ እስከ ከንፈርዎ ያለው መንገድ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው! ዘፈኑም፣ ስድቡም፣ ምርቃቱም የሚቀረጸው ስንዝር በማትሞላ መንገድ ውስጥ ነው።

ተራ ወሬ ሲያወሩ የድምፅ አውታሮችዎ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይጋጫሉ? በወንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በሴት ደግሞ ወደ 200 ጊዜ! በ1972 ኢሺዛካና ፍላናጋን የተባሉ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን አውታር በሞላ በተያያዙ ሁለት ክብደቶች ተክተው ኮምፒውተር ውስጥ አንቀጠቀጡት። ሁለት ክብደት ብቻ! ድምፁም ወጣ!

ከኮምፒውተር በፊትስ? ወናፍ ነበር! ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፕለን በ1791 ቪየና ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ተናጋሪ ማሽን ሳንባው ወናፍ፣ አፉ ላስቲክ ነው። ግን ማን ይመነው! ቀደም ሲል ውስጡ ሰው የተደበቀበትን ቼዝ ተጫዋች አሻንጉሊት ሠርቶ አውሮፓን ጉድ ያደረገው ይኸው ሰውዬ ነው።

የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ገና ልጅ ሳለ ከወንድሙ ጋር የሚናገር ጭንቅላት ሠርቷል። ጭንቅላቱ «ማማ!» እያለ ሲጮህ ጎረቤት የማን ሕፃን ነው የሚያለቅሰው ብሎ መጣ!

ጦጣ መናገር ያቃታት ጉሮሮዋ ስላልተመቸ ይመስልዎታል? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር! በ2016 የወጣ ጥናት ግን ሌላ ይላል። ተመራማሪዎች አንድ ማካክ ጦጣ ሲበላ፣ ሲያዛጋና ሲጮህ በራጅ ቀረጹት። አፉና ጉሮሮው የሚይዙትን ቅርጽ ሁሉ ለኮምፒውተር ሰጡት። ኮምፒውተሩ በዚያ የጦጣ ጉሮሮ ምን ቢናገር ጥሩ ነው? በእንግሊዝኛ «ታገቢኛለሽ?» አለ! አዎ፣ የጋብቻ ጥያቄ! ቃሉም ይሰማል። ለካ የጎደለው ጉሮሮ ሳይሆን ጉሮሮን የሚያዝዝ አእምሮ ኖሯል።

ከ3,000 ዓመት በፊት የሞተ ሰውስ ድምፅ አሰምቷል ቢባሉ? ነስያሙን የተባለው ግብፃዊ ካህን አስከሬኑ ሳይፈርስ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ሙዚየም ይገኛል። ጉሮሮውን በሲቲ ስካን አንሥተው፣ በስሪዲ ማተሚያ አባዝተው፣ በኤሌክትሮኒክ ድምፅ ነፉት። በ2020 ዓለም ሰማው! የወጣው አንዲት አጭር አናባቢ ብቻ ናት። ለሰላምታ እንኳ አትበቃም፤ ቢሆንም የ3,000 ዓመት ናት!

እንግሊዛዊው ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ ይናገርበት የነበረው የማሽን ድምፅ የእውነተኛ ሰው መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? መሠረቱ ዴኒስ ክላት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የራሱን ድምፅ አጥንቶ የቀመረው ነው። ክላት በ1988 ዐረፈ፤ ድምፁ ግን በሆኪንግ ስም 30 ዓመት ያህል ተናገረ! ሆኪንግ የተሻለ ድምፅ ይሰጥህ ሲባል እንኳ እምቢ ብሏል።

ሂሊየም የሳበ ሰው ድምፁ የሚቀጥነው አውታሮቹ ስለፈጠኑ አይደለም! አውታሮቹ እንደ ወትሮው ናቸው፤ የተለወጠው በአፍና በጉሮሮ ውስጥ ያለው ድምፅ የሚጓዝበት ፍጥነት ነው።

የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ማይክ ከኦርኬስትራ በላይ የሚሰማው በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ድምፁን አጉልቶ ነው። እዚያ ላይ ኦርኬስትራው ደከም ይላል!

በመጨረሻ የእኛው ጉድ! ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ ከሳንባ በሚወጣ አየር አይነገሩም! ማንቁርት ተዘግቶ ወደ ላይ ሲነሣ አፍ ውስጥ የታፈነው አየር ይፈነዳል። ስለዚህ ከሳንባ በሚወጣ ትንፋሽ ብቻ የሚሠራ የኮምፒውተር ጉሮሮ አማርኛ ላይ ሲደርስ ይሸነፋል። አላመኑም? እስኪ ትንፋሽዎን ጥብቅ አድርገው ይያዙና «ቅ» ይበሉ!