ስሙ የማን ነው? የተማሪ ስፖርተኛ ክፍያና የቤይሩት እግር ኳሰኛ ደመወዝ

በቤይሩት ኮርኒሽ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ወደ ማናራ የሚጓዝ ሰው በአጭር የእግር መንገድ ውስጥ ሁለት የስፖርት ሜዳዎችን ያልፋል። አንደኛው እ.ኤ.አ በ1866 የተመሠረተው የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ በ1945 የተቋቋመው የነጅማ ክለብ ሜዳ ነው። በመጀመሪያው የሚሮጠው ተማሪ ነው፤ የዩኒቨርሲቲውን ማሊያ ስለለበሰ ደመወዝ አይቆረጥለትም። በሁለተኛው የሚሮጠው ውል የፈረመ ተጫዋች ነው፤ የወሩን መጨረሻ ይጠብቃል።

ተማሪ ለክብር፣ ባለሙያ ለእንጀራ ይጫወታል የሚለው ክፍፍል ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ዛሬ ግን ከሁለቱም ጫፍ እየተናደ ነው። በአሜሪካ ስመ ጥር የኮሌጅ ተማሪዎች በስማቸውና በምስላቸው ሚሊዮን ዶላሮችን ያገኛሉ፤ በቤይሩት ደግሞ በሊራ የተዋዋለ እግር ኳሰኛ ደመወዙ በእጁ እያለ ሲቀልጥ አይቷል።

ከቤይሩት የተነሣው ልጅ

የድሮውን ሥርዓት ለመረዳት ከሮኒ ሰይካሊ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ሰይካሊ እ.ኤ.አ በ1965 በቤይሩት ተወልዶ በግሪክ መዲና አቴንስ አደገ። እ.ኤ.አ በ1984 ወደ አሜሪካ ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቅርጫት ኳስ መጫወት ጀመረ። እ.ኤ.አ በ1987 ቡድኑ ለአገሪቱ የኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ 74 ለ73 ተሸነፈ። ጨዋታውን የአሜሪካ ሕዝብ በቴሌቪዥን ተከታተለው፤ ማስታወቂያ ተሸጠበት፤ የስፖርት ማኅበሩና ዩኒቨርሲቲዎቹ ገቢ አገኙበት። ሜዳ ላይ የነበሩት ተጫዋቾች ግን በደንቡ መሠረት ከትምህርት፣ ከመኖሪያ፣ ከምግብና ከመጻሕፍት ወጪያቸው ያለፈ ክፍያ አልተፈቀደላቸውም። ሰይካሊ የሙያውን ዋጋ በይፋ ማግኘት የቻለው እ.ኤ.አ በ1988 ነው። በዚያ ዓመት አዲስ የተመሠረተው ማያሚ ሂት በታሪኩ የመጀመሪያ ምርጫው አድርጎ፣ በአጠቃላይ ምርጫው በ9ኛ ደረጃ ወሰደው።

ይህን ደንብ ያስከብር የነበረው እ.ኤ.አ በ1906 የተመሠረተው የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፣ በምሕጻሩ ኤንሲኤኤ፣ ነው። የማኅበሩ ክርክር ተማሪው ሠራተኛ አይደለም የሚል ነበር። ክርክሩን በፍርድ ቤት ከፈተኑት አንዱ የዩሲኤልኤ የቀድሞ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኤድ ኦባነን ነው። ኦባነን ገጽታው በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ያለ ፈቃዱና ያለ ክፍያ መሸጡን አይቶ እ.ኤ.አ በ2009 ክስ መሠረተ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ የአንድ ሰው ስምና መልክ ንብረትነቱ የማን ነው?

ምላሹ ቀስ በቀስ መጣ። እ.ኤ.አ በመስከረም 2019 የካሊፎርኒያ ግዛት ተማሪዎች ከስማቸው ገቢ እንዲያገኙ የሚፈቅድ ሕግ አጸደቀች። እ.ኤ.አ ሰኔ 21 ቀን 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከትምህርት ጋር በተያያዙ ጥቅሞች ላይ ማኅበሩ የጣለውን ገደብ በ9 ለ0 ድምፅ ውድቅ አደረገ። ከቀናት በኋላ፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ፣ ተማሪ ስፖርተኞች የማስታወቂያ ውል መፈረም ቻሉ። እ.ኤ.አ ሰኔ 6 ቀን 2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ለቀድሞ ተጫዋቾች 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፈል የሚያደርገውን ስምምነት አጸደቀ። በዚሁ ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቻቸው እንዲያከፋፍሉ ተፈቀደ።

ተማሪው ከባለሙያው ሲበልጥ

ውጤቱ የተለመደውን ስሌት ገለበጠው። ሸዱር ሳንደርስ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ አሜሪካውያን ፉትቦል በሚሉት የሞላላ ኳስ ጨዋታ፣ ስመ ጥር ተጫዋች ነበር። በተማሪነቱ የስሙ ዓመታዊ የገበያ ዋጋ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል። እ.ኤ.አ በ2025 ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ ሲገባ ግን በ144ኛ ደረጃ ተመረጠ፤ የአራት ዓመት ውሉም በድምሩ 4.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። የመጀመሪያው አኃዝ ግምት እንጂ ደረሰኝ አይደለም፤ ሆኖም ተማሪነት ከሙያው በላይ ሊከፍል የሚችልበት ዘመን መምጣቱን ያሳያል። በሴቶች ቅርጫት ኳስም ኬትሊን ክላርክ እ.ኤ.አ በ2024 ባለሙያ ስትሆን የመጀመሪያ ዓመት ደመወዟ 76,535 ዶላር ብቻ ነበር፤ ከማስታወቂያ የምታገኘው ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ነገሩ ለሁሉም እንዲህ አይደለም። ገንዘቡ የሚከማቸው በአሜሪካ ፉትቦልና በወንዶች ቅርጫት ኳስ ጥቂት ኮከቦች ዘንድ ነው። በሌሎች ስፖርቶች የሚገኙ ብዙዎች የሚያገኙት ከኪስ ገንዘብ አያልፍም። በተማሪ ቪዛ የገባ የውጭ አገር ዜጋ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ይጠብቀዋል፤ ቪዛው የሥራ ፈቃድን ስለሚገድብ፣ የአሜሪካዊው የክፍል ጓደኛው የሚፈርመውን የማስታወቂያ ውል እርሱ እንደ ልቡ ሊፈርም አይችልም። ልጃቸውን ከቤይሩትም ሆነ ከአዲስ አበባ በስፖርት ስኮላርሺፕ ለመላክ የሚያስቡ ወላጆች ይህን አስቀድመው ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

ሊራው ሲወድቅ

ወደ ቤይሩት ስንመለስ ሥዕሉ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ ኅዳር 4 ቀን 2019 የደቡባዊው ዳርቻ ክለብ አል አሕድ በኩዋላ ላምፑር የሰሜን ኮሪያውን ኤፕሪል 25 ቡድን 1 ለ0 አሸንፎ የእስያ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫን ወሰደ። ይህን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው የሊባኖስ ክለብ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ወቅት አገሪቱ ጥቅምት 17 በተቀጣጠለው ሕዝባዊ ተቃውሞ ውስጥ ነበረች፤ ባንኮች የአስቀማጮችን ዶላር መያዝ ጀምረው ነበር። የዚያ ዓመት ሊግም ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ።

ከእ.ኤ.አ 1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ1,507.5 ሊራ ተተምኖ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ በ2024 መጀመሪያ የማዕከላዊ ባንኩ ምንዛሪ 89,500 ሊራ ደረሰ። ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በወር 1.5 ሚሊዮን ሊራ የሚከፈለው ተጫዋች ቀድሞ ወደ 1,000 ዶላር የሚጠጋ ገቢ ነበረው። ያው ውል፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ፣ 17 ዶላር እንኳ የማይሞላ ሆነ። ክለቦቹም በዋናነት የሚተማመኑት በቴሌቪዥን ገቢ ሳይሆን በባለሀብቶችና በፖለቲካ ሰዎች ድጋፍ ስለነበር ኪሳቸው አብሮ ተራቆተ። በ2020/21 የውድድር ዘመን የውጭ አገር ተጫዋቾች በሊጉ እንዳይሰለፉ ተወሰነ።

የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደንብ ባለሙያን የሚተረጉመው ቀለል ባለ መለኪያ ነው፤ የጽሑፍ ውል ያለውና ለጨዋታው ከሚያወጣው ወጪ በላይ የሚከፈለው ተጫዋች ባለሙያ ነው። የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋችም ለክለቡ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን በበቂ ምክንያት ማፍረስ እንደሚችል ደንቡ ይደነግጋል። ሆኖም ደመወዙ በሰዓቱ ተከፍሎ ዋጋውን ላጣ ተጫዋች ይህ አንቀጽ መድኃኒት አይሆነውም።

የኢትዮጵያ ተጫዋቾችም ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደሉም። እ.ኤ.አ በነሐሴ 2019 ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። በወቅቱ ምንዛሪ ይህ 1,700 ዶላር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ በሐምሌ 2024 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ያው 50,000 ብር ከ500 ዶላር በታች ወረደ።

ከሜዳው ውጭ

በቤይሩት ዳርቻዎች ይህን ስሌት ከእግር ኳሰኞቹ በፊት የተማሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። እ.ኤ.አ በሰኔ 2020 አሠሪዎቻቸው በዶላር መክፈል ያቃታቸው በርካታ የቤት ሠራተኞች ሻንጣቸውን ይዘው በሃዝሚየህ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው ነበር። ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ ይቀራቸው ነበር። በዶላር የተነገራቸው ደመወዝ በሊራ ሲመነዘር፣ ከዚያም ጭራሽ ሲቀር፣ የሚያስገድድላቸው አላገኙም። ተጫዋቹ ማኅበርና ደንብ አለው፤ የቤት ሠራተኛዋን ግን የሊባኖስ የሥራ ሕግ ከጥበቃው ውጭ አድርጓታል።

የእስልምና ሕግ ሊቃውንት በቅጥር ውል ላይ ሲጽፉ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ መሆን እንዳለበት ያስቀምጣሉ። መጠኑ ያልታወቀ ክፍያ ለጠብ በር ይከፍታልና። የአሜሪካው ተማሪም፣ የቤይሩቱ አጥቂም፣ የሃዝሚየዋ ሠራተኛም ታሪክ ወደዚሁ ነጥብ ይመለሳል። ኦባነን ለዓመታት የተሟገተው ስሙ የማን እንደሆነ ለማስወሰን ነው፤ የሊባኖሱ ተጫዋች የተጎዳው በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈለው አስቀድሞ ባለመጽናቱ ነው።

ስለዚህ ብዕር የሚያነሣ ወጣት፣ ሜዳ ላይም ይሁን ከሜዳ ውጭ፣ ከአኃዙ ትልቅነት በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ነው፣ በየትኛው ገንዘብ ነው፣ ባይከፈለኝስ ወደ ማን እሄዳለሁ። ስሙ የሚሸጥ ስፖርተኛ ከሆነ አራተኛውን ይጨምር፦ ውሉ ሲያልቅ ስሜ ወደ እኔ ይመለሳል ወይ?