ከመግዛታችሁ በፊት ተከራዩበት

አዲስ አበባ ላይ የቤት ዋጋ ጠይቆ የደከመ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ወደ ዙሪያዋ ነው፦ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ዱከም፣ ራቅ ካለም ቢሾፍቱ። ከተማው ውስጥ ኮንዶሚኒየም በሚገዛበት ገንዘብ እዚያ ግቢ ያለው ቤት ይገኛል ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። በዋጋው አልከራከርም። የምለው፣ እዚያ እያደረ አዲስ አበባ ለመሥራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ከቻለ ሁለት፣ በዚያው ከተማ ተከራይቶ ይኑር ነው። ቤቱን ሲገዛ መንገዱን፣ ውሃውን፣ አፈሩንና ወረቀቱን አብሮ ይገዛል፤ እነዚህን ደግሞ ደላላ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አዙሮ ሊያሳየው አይችልም።

ከመንገዱ ልጀምር። ደላላው "ከቃሊቲ ሃያ ደቂቃ ነው" ሲል ላይዋሽ ይችላል፤ የለካው እሑድ ጠዋት ነዋ። ሠራተኛው የሚወጣው ግን ሰኞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቢሾፍቱን እንውሰድ፤ ከአዲስ አበባ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ መኪና ያለው ሰው ክፍያውን ከፍሎ እስከ ቱሉ ዲምቱ ሳይቸገር ይደርሳል፤ መጨናነቁ የሚይዘው ከዚያ ወዲህ፣ በቃሊቲና በሳሪስ መስመር ነው። በታክሲ የሚሄደው ደግሞ አንዱ እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ይወርዳል፣ ሌላ ወረፋ ይይዛል። እንበልና ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ይፍጅ፤ ደርሶ መልሱ ሦስት ሰዓት ነው። በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢኖር 750 ሰዓት ይሆናል፤ ቀንና ሌሊቱን ደምራችሁ ብትቆጥሩት 31 ቀን። ይህን ችሎ የሚኖር ሰው ሞልቷል። መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ የሚያቀርብለት፣ ሥራው አቃቂ ወይም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሆነለት፣ ወይም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚገባ ሰው ምናልባት ምንም አይመስለው። የማይችለውም ብዙ ነው፤ አለመቻሉን የሚያውቀው ደግሞ በሦስተኛው ወር እንጂ በሦስተኛው ቀን አይደለም። ተከራይ ከሆነ ዕቃውን ጭኖ ይመለሳል። ገዝቶ ከሆነ ግን ቤቱን አከራይቶ እንደገና አዲስ አበባ ሊከራይ ነው።

"ባቡርስ?" የሚል ይኖራል። ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ቢሾፍቱም ጣቢያ አላት። ነገር ግን የተሠራው ለወደብ ጭነትና ለሩቅ መንገደኛ እንጂ ጠዋት ገብቶ ማታ ለሚመለስ ሠራተኛ አይደለም። የድሮው ባቡር ለገሃር ድረስ፣ ከተማው እምብርት ይገባ ነበር። የአዲሱ የመንገደኛ ጣቢያ ፉሪ ለቡ ስለሆነ ከዚያ ወርዶ እንደገና ታክሲ መያዝ ግድ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ይሠራል ስለተባለው ትልቅ አየር ማረፊያም የማስበው ተመሳሳይ ነው፦ ሻጩ ወደፊት የሚመጣውን በዛሬው ዋጋ ላይ ጨምሮ ያስከፍላችኋል፤ እናንተ ግን ነገ ጠዋት የምትሄዱት ዛሬ ባለው መንገድ ነው።

ስለ አፈር የሚያወራ ደላላ ደግሞ አላየሁም። ከአቃቂ እስከ ዱከም፣ በሰንዳፋም በኩል፣ ሜዳው አብዛኛው መረሬ ነው፤ ጤፍና ሽምብራ የሚወደው ጥቁር አፈር። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ገበሬው ይህን ሲያውቀው ኖሯል። ቤት ሠሪው ግን ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል ካልተካው፣ ጥቂት ክረምት ሲፈራረቅበት ወለሉ ይነሳል፣ ግድግዳው ከመስኮት ጥግ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ለሽያጭ የቀረበ ቤት ደግሞ ቀለም ተቀብቶ ነው የሚጠብቃችሁ። የሱሉልታ ጠባይ ሌላ ነው፤ ሜዳው በክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የኅዳር ብርድም በየካቲት ለጉብኝት ለመጣ ሰው አይታየውም። አንድ ክረምትና አንድ በጋ በሰፈሩ የከረመ ተከራይ ግን የጎረቤቱ አጥር ማዘንበሉን ያያል፤ ሐምሌ ላይ ባጃጅ የማይገባበትን ቅያስ ይለያል፤ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከበርሜሉ ይማራል። ውሃን ካነሳን አይቀር፣ ለገዳዲ አጠገብ መኖርና የለገዳዲን ውሃ ማግኘት ለየቅል ናቸው፤ ግድቡ የሚያጠጣው አዲስ አበባን ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ወረቀቱ ነው። በኢትዮጵያ መሬት ከ1967ቱ አዋጆች ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ብሎ፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የምትገዙት በላዩ ያለውን ቤትና የመጠቀም መብቱን ነው። ያ መብት በሊዝ ወይም በነባር ይዞታ ካርታ ካልተረጋገጠ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው። ከገበሬ በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ውል የተገዛ ቦታ ላይ የቆመ የጨረቃ ቤት የሚረክሰው በዚህ የተነሳ ነው፤ ሻጩ ለጋስ ስለሆነ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ለገዳዲ ላይ፣ ኋላም ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን የመሳሰሉት ከተሞች ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሲመሠረት፣ ዓመታት የተኖረባቸው ቤቶች ሕገ ወጥ ተብለው ፈርሰዋል። ፍትሐዊ ነበር ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ለገዢ ግን አንድ ነገር ግልጽ አድርጓል፦ የመብራት ቆጣሪ መግባቱ ካርታን አይተካም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት እንዲደረግ ያዛል። የቤቱን ካርታ ይዛችሁ ባንክ ሂዱና በመያዣነት ይቀበሉት እንደሆነ ጠይቁ። ባንክ የማያበድርበትን ቤት የዕድሜ ልክ ቁጠባችሁን ሰጥታችሁ የምትገዙበት ምክንያት አይታየኝም። ከተሞቹ በኦሮሚያ ክልል ሥር ስለሆኑ የማዘጋጃ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውን የማያነብ ሰው በደላላ ትርጉም ከሚፈርም የሚያምነውን ሰው ይዞ ይሂድ። እዚህም ተከራይ ይበልጣል። የየትኛው ግቢ ወራሾች እንደሚካሰሱ፣ የትኛው አጥር ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎ እንደተሰረዘ ቡና ላይ ይሰማል፤ ይህን ደግሞ ለእንግዳ ገዢ የሚነግረው የለም።

"ኪራይ የሚባክን ገንዘብ ነው" ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ የአንድ ዓመት ኪራይ ለዚህ ሁሉ መረጃ የተከፈለ ዋጋ ነው፣ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸርም ትንሽ ነው። ጠንካራው ተቃውሞ የብሩ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ይህን ያየ ሰው "ዓመት ከጠበቅሁ ገንዘቤ ይቀልጣል፣ ቤቱም ያመልጠኛል" ቢል አልፈርድበትም፤ አንዳንዱ በርግጥ ይጎዳል። ይሁን እንጂ በመጠበቅ የሚመጣው ጉዳት ልክ አለው፤ ወረቀት የሌለው ቤት ሲፈርስ ግን የሚተርፍ የለም። የዋጋ መናርም ቢሆን የሚጠቅመው በሕግ መሸጥ የሚችለውን ሰው ነው። እዚያው ተወልዶ ላደገ፣ ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ድረስ ሄዶ ላጣራ፣ ሥራውም ቅርብ ለሆነለት ሰው ምክሬ አይሠራም፤ ይግዛ። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በውክልና ለሚገዛው ግን እጥፍ ይሠራል፤ ራሱ መኖር ካልቻለ በሰፈሩ የሚኖር ዘመድ ይኑረው።

"አከራይስ በየስድስት ወሩ ይጨምርብኝ የለ?" የሚለው ስጋትም ከባድ ነው፤ በተለይ ልጅ ትምህርት ቤት ላስገባ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል ከሚወስነው እንዳያልፍ ደንግጓል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ የምትሄዱበት ከተማ መካተቱን አጣሩ። ተካቶ ከሆነ ሁለት ዓመቱን ሕጉ ራሱ ሰጥቷችኋል።

እስከዚያው ሐምሌ ላይ ቤት ለማየት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ቦት ጫማ አድርጋችሁ፣ ሰኞ ጠዋት፣ በታክሲና ያለ ደላላ ሂዱ።