ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ፤ የሐረር ካሴቶችና የቤት የዲስክ ሣጥን

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት ቤቶች፣ በመደርደሪያ ላይ ወይም በሣንዱቅ ውስጥ የተከማቸ የቴፕ ካሴት ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ከነዚህም አንዳንዶቹ በገበያ የተሸጡ የታወቁ ድምፃውያን ሥራዎች ናቸው፤ ሌሎቹ ግን በሠርግና በመውሊድ ቀን በቤተ ዘመድ ቴፕ የተቀዱ፣ የጌይ ሲናን ዘፈንና ዚክሪ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማልኛ፣ የዐረብኛና የአማርኛ ዜማ የያዙ፣ ሁለተኛ ቅጂ የሌላቸው ናቸው። የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን ለዓለም ያስተዋወቀው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1963 ስለ ሆነ፣ ዕቃው ራሱ አርጅቷል። በጥብጣቡ ላይ የተለበጠው መግነጢሳዊ ዱቄት ይረግፋል፤ ጥብጣቡን ከቴፑ ራስ ጋራ የሚያገናኘው ትንሽ ትራስ ይወድቃል፤ ርጥበት ያገኘውም ይሻግታል። ቴፑም ቢሆን ቀበቶው ሲላላ የሚጠግነው ባለሙያ እያነሰ ሄዷል። እንግዲህ ዜማውን ወደ ሌላ ማኖሪያ ማሸጋገር ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ይህ ጉዳይ የትዝታ ብቻ ሳይሆን የንግድም ጉዳይ ነው። አቶ አምሃ እሸቴ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ሱቅ የነበራቸው ወጣት ነጋዴ ነበሩ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቁመው፣ የዘመኑን ድምፃውያን ሸክላ በውጭ አገር እያሳተሙ ለገበያ አቀረቡ። ከሃያ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ በፈረንሳይ አገር መታተም የጀመረው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ ሥራ ከነዚያ ዜማዎች ብዙዎቹን ለዓለም ገበያ መልሶ አቅርቧል። ይህም ሊሆን የቻለው ድምፁ ተጠብቆ ስለ ቆየ ነው። በሐረርም በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የአቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ሙዚየም ከጥንት የእጅ ጽሑፎችና ከድሮ ገንዘቦች ጋራ የቆዩ የዜማ ቅጂዎችን ሰብስቦ ይዟል። ነገር ግን አንድ ሙዚየም የከተማውን ቤት ሁሉ ሣንዱቅ ሊያድን አይችልም፤ የቀረው በየባለቤቱ እጅ ነው። ባለቤቱም ምክርና ዕቃ ፍለጋ የሚመጣው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ዕቃ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ናስ» የሚባለው የዲስክ ሣጥን ነው። ይኸውም አንድ ወይም ከዚያ የበለጡ ዲስኮችን የያዘ፣ የራሱ አነስተኛ ኮምፒዩተር ያለው፣ በገመድ ከቤቱ ራውተር ጋራ የሚገናኝ ዕቃ ነው። ዜማው አንድ ጊዜ ከተጫነበት በኋላ በቤት ውስጥ ያለ ስልክ፣ ኮምፒዩተር ወይም ከሃይ-ፋይ ጋራ የተያያዘ ተቀባይ መሣሪያ ሁሉ ከዚያው ላይ ያጫውታል። ዜማው የሚመላለሰው በቤቱ ውስጥ ብቻ ስለ ሆነ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቋረጥም፤ የሞባይል ዳታም አይበላም። ብዙ ገዢዎች ይህን ስለማያውቁ፣ ሻጩ አስቀድሞ ቢነግራቸው ይጠቀማሉ።

የዲስኩን መጠን ለመወሰን ሒሳቡ ቀላል ነው። በሲዲ ልክ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ዜማ ሳይጨመቅ 635 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። የቅርስ መዛግብት ጠባቂዎች ዝቅተኛ ብለው በሚመክሩት በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ልክ ከተቀዳ ደግሞ አንድ ሰዓቱ 1,037 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ስለዚህ የ60 ደቂቃ ካሴት 500 ያለው ቤተሰብ በዚህ በተሻለው ልክ ቢቀዳ እንኳ የሚያስፈልገው 520 ጊጋባይት ያህል ነው። «ፍላክ» በተባለው፣ ከድምፁ ምንም ሳያጎድል በሚጨምቀው ዐይነት ቢቀመጥ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። «ኤምፒ3» ይበልጥ ያሳንሳል፤ ነገር ግን ከድምፁ የሚጥለው ስላለ ለመስሚያ እንጂ ለማኖሪያ አይመረጥም። እንግዲህ ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ሲሆን፣ ትልቁንና ውዱን ዲስክ ለገዢ ማስያዝ ትርፉ የሻጩ ብቻ ነው።

ከዕቃው ዋጋ ይልቅ የሚከብደው ጊዜው ነው። ካሴት የሚቀዳው በሚጫወትበት ፍጥነት ስለ ሆነ፣ 500 ሰዓት ዜማ 500 ሰዓት ይፈልጋል፤ በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ 125 ቀን ማለት ነው። ከመጀመር በፊት የቴፑን ራስ በአልኮል መጥረግ፣ ራሱም ከጥብጣቡ ጋራ ቀጥ ብሎ እንዲገጥም ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። ደኅና ቴፕ ያለው ባለ ሱቅ የመቅዳትን ሥራ በክፍያ ቢቀበል፣ ዲስክ ከመሸጥ የማያንስ ገቢ ሊያገኝበት ይችላል።

ሣጥኑን በጀጎል ቤት ውስጥ መትከል የራሱ ጠባይ አለው። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ስለ ሆነ ዋይፋይን ያደክማል፤ ይልቁንም የ5 ጊጋኸርዙ ከ2.4 ጊጋኸርዙ ይልቅ ቶሎ ይዳከማል። ስለዚህ ራውተሩና ሣጥኑ የትም ቢቀመጡ፣ እንግዳ በነደባ ላይ ተቀምጦ ዜማ ወደሚሰማበት ወደ ግድር ጋር አንድ የኔትወርክ ገመድ መሳብ ይሻላል። ጀጎል በአውሮጳ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለ ሆነ፣ ግንብ ከመብሳት ይልቅ ገመዱን በበሩ መቃን ጥግ ማሳለፍ ይገባል። በገመዱ ጫፍ ዲጂታሉን ቍጥር ወደ ድምፅ የሚለውጥ ተቀባይ መሣሪያ ይቀመጣል፤ ከእርሱም በተለመደው ቀይና ነጭ ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ ይገባል። ነባሩን ሃይ-ፋይ መጣል አያስፈልግም።

የመብራት ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ሁለት ዲስክ የያዘ ሣጥን 20 ዋት ያህል ቢወስድ፣ ሌት ተቀን ሠርቶ በወር የሚቈጥረው 14.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የሚጎዳው ፍጆታው ሳይሆን ድንገተኛ መቋረጡ ነው፤ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሣጥኑን ያለ ዩፒኤስ መሸጥ ኮርቻ የሌለው በቅሎ እንደ መሸጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ገዢና ሻጭ የሚሳሳቱበት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ዲስክ ባለው ሣጥን አንዱ ዲስክ የሌላው መስተዋት ሆኖ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ቅጂ አይደለም። ልጅ በስልኩ አንድ ዘፈን ቢሰርዝ ከሁለቱም በዚያው ቅጽበት ይሰረዛል፤ ሌባ ሣጥኑን ቢያነሣ፣ እሳት ወይም የመብረቅ ኀይል ቢያገኘው ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ነጋዴ ይህን ከደረሰኝ ጥራዝ ያውቀዋል፤ ዋናውና ካርቦን ቅጂው በአንድ መሳቢያ ከተቀመጡ፣ መሳቢያው ሲቃጠል ሁለቱም ዐመድ ናቸው። ስለዚህ ሦስተኛ ዲስክ ተገዝቶ፣ ዜማው ሁሉ ከተገለበጠበት በኋላ፣ ከሣጥኑ ተለይቶ በሌላ ቤት፣ ለምሳሌ ድሬዳዋ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ዐቅም ለሌለው ቤተሰብ ምክሩ ይህ ነው፤ ሣጥኑ ይቆይና ሁለት ተራ ዲስክ ይገዛ፤ አንዱ በቤት፣ አንዱ በዘመድ ቤት ይቀመጥ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ስም አጻጻፍም አይናቅ። ኮምፒዩተር «ሐረር» እና «ሀረር» የሚለውን እንደ ሁለት ልዩ ቃል ይቈጥራል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2022 ያረፉት የድሬዳዋው ድምፃዊ በአንዱ ካሴት «ዓሊ ቢራ»፣ በሌላው «አሊ ቢራ» ተብለው ቢጻፉ በሁለት ሰው ስም ይመዘገባሉ። ከመጀመሪያው አንድ አጻጻፍ መርጦ፣ የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ቋንቋ፣ የተቀዳበትን ቦታና ዓመት መመዝገብ ያሻል። በሠርግ ካሴት ላይ ማን እንደ ዘፈነ የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቁ፣ ድምፁ ቢተርፍም ስሙ ይጠፋል።

ባለ ሱቆች ደግሞ ሕጉን ያስቡ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የደራሲውን፣ የድምፃዊውንና የአሳታሚውን መብት ይጠብቃል። ለደንበኛ የራሱን ካሴት መቅዳት አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ የተገኘውን ዘፈን በፍላሽ እየሞሉ ለሌላ መሸጥ ግን ባለመብቱ ካልፈቀደ በስተቀር የሰው ሀብት መንካት ነው።

በጠቅላላው፣ ለዚህ ገበያ ሊሰናዳ የሚወድ ነጋዴ በመደርደሪያው ሊያኖር የሚገባው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ሁለት ዲስክ የሚይዝ ሣጥን፣ መካከለኛ ዲስኮች፣ ዩፒኤስ፣ የኔትወርክ ገመድ፣ ተቀባይ መሣሪያ፣ በደንብ የተጠገነ የካሴት ቴፕ። ከዕቃው ጋራ ግን አንድ ምክር ያለ ዋጋ ይጨምርበት፤ ነጋዴ በዓመት አንድ ጊዜ የዕቃ ቈጠራ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ባለ ዜማውም በዓመት አንድ ጊዜ በሌላ ቤት ያለውን ዲስክ አምጥቶ፣ ከፍቶ፣ ጥቂት ዘፈን አጫውቶ፣ የጎደለውን አሟልቶ ይመልስ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ፣ ተቈጥሮ እንዳልታየ መጋዘን፣ በውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም።