የመኪናው ጣሪያ የአንቴናው ግማሽ ነው

ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ሆኖ የአብራሪዎችን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችንና የአየር ትንበያን ድምፅ ጥርት አድርጎ የሚያሰማ ስካነር መኪና ውስጥ ሲገባ ይዳከማል። ግማሹ ጣቢያ ይጠፋል፤ የቀረውም በጩኸት ይዋጣል። ባለቤቱ መሣሪያውን ይጠረጥርና የተሻለ ለመግዛት ይነሣል። ስካነሩ ግን ያው ነው፤ የተለወጠው ዙሪያው ነው። መኪና በብረት የተከበበ ክፍል ከመሆኑም በላይ የሬዲዮ ሞገድ የሚረጩ ብዙ ዕቃዎች ይዞ ይዞራል። ደግነቱ ይኸው ብረት በአግባቡ ከተጠቀሙበት ለመቀበያው ትልቅ አጋዥ ይሆናል።

ስካነር አያሰራጭም፤ ያዳምጣል ብቻ። የተሞሉለትን ቻናሎች ተራ በተራ በቅጽበት እየፈተሸ ያልፋል፣ ንግግር ያለበት ላይ ሲደርስ ይቆማል። የት መቆም እንዳለበት የሚወስነው ስኩዌልች የሚባለው መቆጣጠሪያ ነው፤ ከተወሰነ ኃይል በታች ያለውን ሁሉ ዝም ያሰኛል። ስለዚህ የመኪናው ጩኸት ጆሮ መበጥበጥ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ጩኸቱ ከስኩዌልቹ ገደብ ካለፈ ስካነሩ ባዶ ቻናል ላይ ይቆማል። ገደቡን ከፍ ቢያደርጉት ደግሞ ከሩቅ የሚመጣው ደካማ ድምፅ አብሮ ይቀራል።

በመጀመሪያ ወደ አንቴናው እንምጣ፤ ከወጪውም ከድካሙም አብዛኛው ለእሱ ቢውል ይገባዋል ባይ ነኝ። የአንድን ሞገድ ርዝመት በሜትር ለማወቅ 300ን በሜጋኸርትዝ ለተገለጸው ፍሪኩዌንሲ ማካፈል ነው። በአሜሪካ ብዙ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ አገልግሎቶች በሚነጋገሩበት በ155 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ሞገዱ 1.94 ሜትር ያህል ይረዝማል። የመኪና መስኮት ከዚህ በጣም ስለሚያንስ ሞገዱ እንደ ልብ አይገባም፤ መስታወቱ ላይ ብረት ያለበት ፊልም ከተለጠፈ ይብሳል። ከስካነሩ ጋር የመጣችውን አጭር አንቴና ክሩስኮት ላይ አቁሞ ጥሩ ድምፅ መጠበቅ አያዋጣም። አንቴናው ውጭ መውጣት አለበት።

ቦታውም ጣሪያው ነው፣ ያውም መሐሉ። የተለመደው የመኪና አንቴና ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ ነው፤ ለ155 ሜጋኸርትዝ 48 ሴንቲ ሜትር፣ ለ850 ሜጋኸርትዝ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ይህ ዘንግ ብቻውን ግን ሙሉ አንቴና አይደለም። በዘንጉ ላይ የሚወጣና የሚወርደው ኤሌክትሪክ ከሥር የሚመላለስበት ሌላ ወገን ይፈልጋል። ያንን ወገን የሚሰጠው የጣሪያው ብረት ነው፤ በብረቱ ላይ የቆመው ዘንግ ከሥሩ እኩያው ተገልብጦ የተተከለ ያህል ይሠራል። አንቴናው መሐል ላይ ሲሆን ብረቱ በየአቅጣጫው ተቀራራቢ ስለሚሆን ከፊትም ከኋላም የሚመጣውን በተመሳሳይ ይቀበላል። ጥግ ላይ ከተተከለ ግን ብረቱ ወደበዛበት ወገን ያደላል። ሌላም ጥቅም አለ፦ ለ155 የተቆረጠው ዘንግ በ465 ሜጋኸርትዝ አካባቢም ይሠራል፤ እዚያ ርዝመቱ የሞገዱ ሦስት አራተኛ ይሆናልና።

ጣሪያ መብሳት የማይፈልግ ሰው ማግኔት ያለው መቀመጫ ይጠቀማል። በማግኔቱና በጣሪያው መካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቀለም አለ፤ ነገር ግን በቀጭን ማገጃ የተለያዩ ሁለት ብረቶች ካፓሲተር ይሆናሉ፣ በፍጥነት የሚቀያየረው የሬዲዮ ኤሌክትሪክም በዚያ ያልፋል። ማግኔት የማይዝበት ጣሪያም አለ። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ረጅም መንገድ የሚነዱ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት የብዙ ከባድ መኪናዎች ጣሪያ አሉሚኒየም ወይም ፋይበርግላስ ነው። ለእነዚህ የሚሻለው የጎን መስተዋት ማቀፊያ ላይ የሚታሰር፣ ከሥሩ ሰፊ ብረት የማይፈልግ የግማሽ ሞገድ አንቴና ነው። ኬብሉን በተመለከተ ሁለት ነገር ይበቃል፤ ባጠረ ቁጥር ይሻላል፣ በር ሲዘጋ መጨፍለቅ የለበትም። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ መጠን ኬብሉ ውስጥ የሚባክነው ኃይልም ይጨምራል።

ኤሌክትሪኩ ቀላል ይመስላል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የመኪና ባትሪ ሞተር ሲጠፋ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተር ሲነሣ 14 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ለመኪና የተሠሩ ስካነሮች ይህን ይችላሉ። በአውሮፓና በኢትዮጵያ ብዙ የጭነት መኪናዎች የሚሠሩት ግን በ24 ቮልት ስለሆነ፣ ቮልት መቀነሻ ሳይኖር ማገናኘት መሣሪያውን ያቃጥላል። ሽቦው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ከሆነ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። የፊውዝ ዋና ሥራው ሽቦውን መጠበቅ ነው፤ ስካነሩ አጠገብ ቢቀመጥ መሐል መንገድ ላይ የተላጠ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር ሲነካካ እሳቱን አያስቆምም። ስካነሩንም ሆነ ሽቦውን ኤርባግ በሚፈነዳበት መንገድ ላይ አታስቀምጡ፤ በብዙ መኪናዎች ከፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ባሉት ምሶሶዎች ውስጥም ኤርባግ አለ።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል? ሃይንሪሽ ኸርትዝ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን ያረጋገጠው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ካንዴላም ሥራው ብልጭታ ነው፤ እያንዳንዱ ካንዴላ ሳይፈለግ ትንሽ ማሰራጫ ይሆናል። አምራቾች ካንዴላው ውስጥ ሬዚስተር የሚያስገቡት ይህን ለማፈን ነው። ብልጭታው በይበልጥ የሚያውከው የሞገዱን ጉልበት በመሆኑ፣ ድምፅን በዚያው ጉልበት በሚሸከመው በኤኤም የሚተላለፈው የአውሮፕላን ንግግር (ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርትዝ) ከኤፍኤም ቻናሎች የበለጠ ይጎዳል። ዲናሞው ደግሞ ቤንዚን ሲሰጡት አብሮ የሚቀጥን ፉጨት ያሰማል። ርካሽ የስልክ ቻርጀርና መኪናው ውስጥ የሚሰቀል የመንገድ ካሜራም ከሁለቱ አያንሱም።

ምንጩን ማግኛው መንገድ ይህ ነው። ጩኸቱ እየተሰማ አንቴናውን ከስካነሩ ንቀሉ። ከጠፋ በአየር በኩል የሚገባ ነው፤ አንቴናውን ከምንጩ ማራቅ ይበጃል። ካልጠፋ በኤሌክትሪኩ መስመር ነው የሚመጣው፤ ማጣሪያ ማስገባት ወይም ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪ መሳብ ነው። ሞተር አጥፍታችሁም ከቀጠለ ቻርጀሮቹን አንድ በአንድ ንቀሉ።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ለሚል፣ ለሾፌር አንደኛው ጥቅም የአየር ትንበያ ነው። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርትዝ ባሉ 7 ቻናሎች፣ ከ1000 በላይ በሆኑ ማሰራጫዎች ሌት ተቀን ይናገራል። የስልክ ኔትወርክ በሌለበት የኦክላሆማ ሜዳ ላይ የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ሕይወት ያድናል። የፖሊስን ንግግር መስማት ግን እየቀረ ነው፤ የዋሽንግተን ዲሲ ፖሊስ በ2011፣ የዴንቨር ደግሞ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ንግግራቸውን በምስጢር ኮድ ሸፍነዋል፤ ስካነር ደግሞ ያንን አይፈታም።

ሕጉንም ሳታውቁ አትግጠሙ። የ1986ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሰውን የሞባይል ጥሪ መጥለፍን ይከለክላል። እንደ ኒውዮርክ፣ ፍሎሪዳ፣ ኢንዲያና፣ ኬንታኪና ሚኔሶታ ያሉ ግዛቶች ደግሞ የፖሊስን ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል ሬዲዮ በመኪና መያዝን በተለያየ መጠን ይገድባሉ፤ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸውን የሚለዩበት ሁኔታም አለ። ከግዛት ግዛት የሚሻገር ሾፌር የሚያልፍባቸውን ሁሉ ሕግ ያጣራ፤ የአየር ትንበያ ብቻ ለሚፈልግ የፖሊስን ቻናል የማይቀበል የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ይበቃዋል። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ስካነር ወደ አገር ቤት ለመላክ ያሰባችሁ አስቀድማችሁ እሱን ጠይቁ።